በሶዬን ይዤ ወደ ቆሮንቶስ

ሄጄ መጣሁ። ላስኬደኝም ለመለሰኝም አምላክ ምስጋና ይግባው።

የማኅበሬ ሴቶች ጽዋው በተነሣ ቁጥር «እስቲ ስለዚያ አገር ንገሪን» ይሉኛል። እኔ ወሬ አይሆንልኝም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጻፍሁት፤ ዲያቆኑ ያንብብላችሁ፣ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ልብላ። ፊደል ያስቆጠሩኝን ቄሱን አባቴን ነፍሳቸውን ይማር።

የሄድሁበትን ምክንያት ታውቁታላችሁ። ይትባረክ የስለት ልጄ ነው። «ከሰጠሽኝ ለቤትሽ አገልጋይ አደርገዋለሁ» ብዬ ከእመቤታችን ያገኘሁት ነው። ዲቁና ተቀበለ፤ ኋላም ለሃይማኖት ትምህርት ግሪክ አገር ተላከ። ከዚያ የተመለሰ አንድ ሰው ንፋስ መውጫ ገበያ ላይ አገኘኝና «ልጅዎ ደህና ነው፤ የጣዖት ቤት ይቆፍራል» አለኝ። «ደህና» እና «የጣዖት ቤት» ካንድ አፍ እንዴት አብረው እንደወጡለት እንጃ። ጥቂት ቆይቶ «ከአንዲት ያገሬው ልጅ ጋርም አይቼዋለሁ» አለ።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ።

«ሂጂ» አሉኝ። «እዚያ እንዳትቆርቢ። ልጁን ይዘሽ ነይ።»

«እሺ አባቴ» አልሁ።

የአውሮፕላኑን ትኬት ይትባረክ ራሱ ነው የላከልኝ። እናቱ ልትጠይቀው የምትመጣ መስሎታል።

የሐምሌ ገብርኤል ማግስት

በክረምት ከንፋስ መውጫ ደብረ ታቦር መውረድ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በቅሎዋን የሚነዳልኝ አያ ውብነህ ነበር። ጭነቴ በሶ፣ ቆሎ፣ በርበሬ፣ አንድ ቅያሪ ቀሚስ፣ ዳዊቴ። ጉና ተራራ ላይ በረዶ ያዘን። በቅሎዋ ጭቃ መኻል ደረሰችና ከነጭነቱ ተኛች።

አያ ውብነህ ጅራቷን ይዞ «ተነሺ እንጂ! ግሪክ ደረስን እንዴ?» ይላታል።

ነጩ ቀሚሴ ጉናን መሰለ። «አይዞዎት እመት፣ ግሪክ ሲደርሱ ይደርቃል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ደርሼ ሳየው ደርቋል። ጭቃው ግን አለቀቀም።

ማታ ከጉና ግርጌ አንዲት ሴት አሳደረችን። እግሬን በሞቀ ውኃ አጠበች፣ እሳቱ ዳር አስቀመጠችኝ፣ የራሷን ጋቢ አለበሰችኝ። ስሟን ሳልጠይቃት ሌሊት ተነሣን። እስከ ዛሬ በጸሎቴ «ያቺን የጉናዋን» እያልሁ ነው የማስባት። እግዚአብሔር የትኛዋ እንደሆነች አይጠፋውም።

በማርያም ዕለትና ከዚያ ወዲህ

አያ ውብነህ በቅሎዋን ይዞ ተመለሰ፤ እኔ ከደብረ ታቦር አውቶቡስ ተሳፈርሁ። አባይ በረሃ ስንወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት እደግም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ ከጎኔ ጎሰም አደረገኝና «እመት፣ ጮክ ብለው ይድገሙ፤ ለሁላችንም ይድረሰን» አለኝ። ጮክ አልሁ። ሹፌሩም ፍጥነቱን ቀነሰ። አዲስ አበባ ለተክለ ሃይማኖት ገባን፤ የእህቴ ልጅ ቤት አረፍሁ፤ ቅያሪ ቀሚሴን አጥባ ተኩሳ ሰጠችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

በበዓለ ወልድ

አውሮፕላን ላይ ስወጣ ጫማዬን አወለቅሁ። ወደ ሰማይ መቅረብ ነውና በጫማ መሄድ ደስ አላለኝም። አስተናጋጇ አይታ ፈገግ አለች፤ ብርድ ልብስ አምጥታ እግሬን ሸፈነችልኝ። ደግ ልጅ ናት። ስንወርድ ግን እግሬ አብጦ ጫማው እምቢ አለ። የግሪክን አገር በባዶ እግሬ ረገጥሁ።

ዕቃ የሚፈትሸው ሰውዬ የበርበሬዬን ከረጢት ፈታና አፍንጫውን አስጠጋ። አነጠሰ።

«ይማርህ» አልሁት።

ደገመ። «ይማርህ።» ሦስተኛ ጊዜ ሲያነጥስ ጓደኞቹ ሊያዩት ተሰበሰቡ፤ አንዱ እሱም አሸተተ። በመጨረሻ ዓይናቸውን እየጠረጉ በእጃቸው እለፊ አሉኝ። ሌላውን ዕቃዬን ማንም አልነካውም።

ይትባረክ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ እጁ እንደ ገበሬ እጅ ሻክሯል። ስሜ ስሜ ሳበቃ «ጣዖት ትቆፍራለህ አሉ» አልሁት።

«ማን አለሽ?»

«ቆፍረሃል ወይስ አልቆፈርህም?»

«እማዬ፣ ትምህርቴን አልተውሁም። በዕረፍት ጊዜ ነው የምቆፍረው። ድንጋይ ነው።»

«ልጅቱስ? እሷም ድንጋይ ናት?»

እንደ አባቱ ጎንበስ ብሎ ዕቃዬን መሸከም ያዘ። ያኔ ነገሩ እውነት እንደሆነ ገባኝ።

በማግስቱ፣ አቴና

ይትባረክ ከተማው መኻል ያለ አምባ ላይ አወጣኝ። የእኛን አምባ ለሚያውቅ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም፤ ሙቀቱ ግን ሌላ ነው። አናቱ ላይ ጣሪያ የሌለው ትልቅ የእብነ በረድ ቤት አለ። ዓምዱን ሦስት ሰው አቅፎ አይዞረውም።

«የማን ቤት ነው?» አልሁ።

«አቴና የምትባል ጣዖት።»

ፊቴን አዞርሁ።

«ኋላ ግን ክርስቲያኖቹ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አደረጉት። ብዙ ዘመን ተቀድሶበታል። ያውልሽ፣ ካህናቱ ዓምዱ ላይ የጻፉት ጸሎት አለ።»

«ይህን አስቀድመህ አትናገርም?» ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ።

ድንጋዩ ምጣድ ሆኖ ነበር። አንዱን እግሬን አንሥቼ ሌላውን እየጣልሁ፣ ሴት ልጅ በክብረ በዓል እንኳ እንደዚያ አትዘልም፣ አንዱ ዓምድ ጋ ደርሼ ተሳለምሁ። ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ። መንካት ክልክል ነው አሉ። ይትባረክ ሲያስረዳው ሰውዬው ግንባሬ ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት አየ። አማተበ። ከዚያ ፊሽካውን ኪሱ ከተተና ወደ ሌላ ወገን ዞሮ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። እኔም በሌላው ዓምድ ደገምሁ።

ነሐሴ ልደታ፣ ፍልሰታ የገባ ዕለት

ቆሮንቶስ ደረስን። ጳውሎስ የጻፈላት ቆሮንቶስ ናት። አሁን መንደር ናት፤ የጥንቱ ከተማ መንደሩ ሥር ተኝቷል። ይትባረክ እዚያ አንዲት ባልቴት ቤት ክፍል ተከራይቷል። በሩ ላይ ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳ ቆማ ጠበቀችን።

ሰው ሞቶባታል! ለቅሶ ያልደረስሁበት ቤት እጄን እያወዛወዝሁ ልገባ ነው? ነጠላዬን አዘቅዝቄ «ወይኔ ወንድሜ፣ ወይኔ» ብዬ ደረቴን እየመታሁ ገባሁ። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ቀጥሎ እሷም አለቀሰች፤ ተቃቅፈን ተላቀስን። ይትባረክ መኻላችን ገብቶ «እማዬ፣ ባሏ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው!» ይላል።

«ታዲያ ምን ያስለቅሳታል?»

«አንቺ ስታለቅሺ አስታወሰችው።»

ካተሪና ትባላለች። ዓይኗን ጠርጋ ወደ ጓሮ ተጣራች። አንዲት ቀጭን ልጅ ከውኃ እንስራ ጋር ወጣችና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ማን እንዳስተማራት ግልጽ ነው። ኤሌኒ ትባላለች፤ ስሟ እንኳ የእኛ ስም ነው። ልጅቱ እሷ ነበረች፤ ካተሪና እናቷ ናት፤ ይህ ቤት ቤቷ ነበር።

ተናደድሁ። ለክርክር የመጣ ሰው አስቀድሞ አብሮ አያለቅስም። ግን የእኛን ወግ ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ለጉዳይ የሄደ እንደሆነ መልሱን ሳይሰማ የሰው እህል አይቀምስም። እኔም ልጄን ላስመልስ ነው የመጣሁት። ከዚህ ቤት እህል አልቀምስም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ውኃ ጠጣሁ። ውኃ የእግዚአብሔር ነው።

ካተሪና ከቀትር በኋላ ሰሐን ይዛ መጣች። እነሱም ፍልሰታ ይጾማሉ። ሰሐኑ ላይ የተኛው ግን ስምንት እግር ያለው የባሕር ፍጥረት ነው።

«ጾም ነው ትልሻለች፤ ደም የለውም» አለ ይትባረክ።

«ደም ባይኖረውም እግር አለው። ከበቅሎዬ ይበልጣል» አልሁ።

ይትባረክ ይህን በግሪክኛ ብዙ አለስልሶ ነገራት መሰለኝ፤ ደስ ብሏት ራሷን ነቀነቀች። እኔ በለሱ ዛፍ ሥር ተቀምጬ በሶዬን በጠብጬ ጠጣሁ።

በሥላሴ

ጠዋት ጠዋት ይትባረክ ይቆፍራል፤ እኔ ጥላ ፈልጌ አያለሁ። ድስት ለማጠብ በማይበቃ ብሩሽ መሬት ይጠርጋሉ። በእኛ አገር እንዲህ የሚያርስ ሰው ቢኖር ሚስቱ ፈትታው ነበር። ገበያቸውን፣ መንገዳቸውን፣ ጳውሎስ ለፍርድ የቆመበትን ከፍ ያለ ድንጋይ አሳየኝ። እዚያ ጫማዬን አውልቄ ብዙ ቆየሁ። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች እንዴት እንደተቆጣ ታውቃላችሁ።

ካተሪናን በይትባረክ አፍ «መልእክቱ ከደረሳቸው በኋላ ታረሙ?» ብዬ ጠየቅኋት።

መንደሩን ወዲያና ወዲህ አየች። «አንዳንዶቹ» አለች።

የልጅቱ እናት ባትሆን ኖሮ እወዳት ነበር ብዬ አሰብሁ።

ከመሬት ያወጡትን የሚያስቀምጡበት ቤትም ገባሁ። ግድግዳው ሙሉ ከሸክላ የተሠራ እግር፣ ጆሮ፣ እጅ፣ ጡት ነው። በሽተኞች ሲድኑ ለጣዖቱ ያገቡት ስለት ነው። እኛ ጃንጥላና ጧፍ እናገባለን። አምላካቸው የተሳሳተ ነው፤ ስለቱ ግን የት ላይ እንዳመማቸው ይናገራል። እኔ ስለ ጉልበቴ ስንት ዓመት ለምኜ በጧፍ ብቻ ነው ያመለከትሁት።

የእነሱ ፍልሰታ የወጣ ዕለት

ያልጠረጠርሁት ነገር መጣ። የእነሱ ቀን ከእኛ ቀድሞ ይገባል፣ ቀድሞ ይወጣል። እኔ ገና መኻሉ ላይ ሆኜ እነሱ ዕርገቷን አከበሩ። ደወሉ ተደወለ፣ መንደሩ ሁሉ ጥብስ ጥብስ ሸተተ። ካተሪና ግቢ አንድ ጠቦት ታስሮ ነበር። ቢላዋው ተሞረደ።

«አልበላም» አልሁ። «ጾሜ ነው።» ያን ቀን ስለ አቆጣጠራችን እግዚአብሔርን አብዝቼ አመሰገንሁ፤ ሳልዋሽ እምቢ ለማለት በቃሁ።

ካተሪና ብዙ ተናገረች። ይትባረክ አሳጥሮ «እንግዳዬ እየጾመች በቤቴ ሥጋ አይበላም ትላለች» አለኝ።

«እና?»

«እንደ ገና ጾም ያዘች። እስከ አንቺው ቀን።»

ቢላዋውን ሰቀለችው። ጎረቤቶቿ በአጥር ላይ ጥብስ ሲያቀብሏት መለሰች። በእኛ አቆጣጠር ከሁላችንም ይልቅ የተደሰተው ጠቦቱ ነው። እኔም ሐዘን ገብቶኝ የበለስ ቅጠል እሰጠው ጀመር።

በሚካኤል

በሶዬ አለቀ። ከረጢቱን ገልብጬ አራገፍሁት፤ ምንም። ቆሎዬ ካለቀ ቆይቷል። ያን ቀን ውኃ ብቻ ጠጥቼ ከበለሱ ሥር ተቀመጥሁ።

ካተሪና ከመስኮት ታየኝ ኖሯል። ወጥ ቤት ገብታ ገብስ መቁላት ያዘች፤ ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። አሳረረችው፣ ደፋችው፣ ሌላ ቆላች። ከዚያ በቡና መፍጫ ፈጭታ፣ ሽርክት አድርጋው፣ በሰሐን አምጥታ ጉልበቴ ላይ አኖረችው። እንዴት እንደሚደረግ የነገራት የለም፤ ስበጠብጥ አይታ፣ አሽትታ ነው። ምንም አላለችም። ጎኔ ተቀመጠች።

ሴቶች፣ ምን ላድርግ? እህሉ የቤቷ ነው። ቃሌም ቃል ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ሰሐኑን አቅፌ ተቀመጥሁ። አልቀመስሁትም፤ ግን አላስቀመጥሁትም።

በቡሄ

አገሬ ጅራፍ በሚጮህበት ቀን ይትባረክ ሦስታችንን ኤፒዳውሮስ ወደሚባል ቦታ ወሰደን። ጥንት በሽተኛ ሁሉ ከየአገሩ ወደዚያ ይሄድ ነበር አሉ። ታጥቦ፣ ጾሞ፣ በአንድ ረጅም አዳራሽ ይተኛል፤ በሕልሙ ፈውስ ይጠብቃል።

«ይህማ ጸበል ነው» አልሁ።

«ጣዖት ነው እማዬ። እባብና ውሻም ይልሳቸው ነበር ይባላል።»

«ባለቤቱን ተሳስተዋል እንጂ ሥርዓቱ ደህና ነው» አልሁ። እባቡን ግን አልወደድሁትም።

ቀጥሎ ተራራ ጎን ላይ በግማሽ ክብ የተሠራ፣ መቀመጫው ድንጋይ የሆነ ትልቅ የጨዋታ ቦታ ደረስን። ሰው እስከ ላይ ይወጣል። ይትባረክ፣ ኤሌኒና ካተሪና ወጡ። እኔ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ታች ቀረሁ። ጎብኚዎችም እዚያም እዚያም ተቀምጠው ነበር።

ታች መኻሉ ላይ ክብ ሜዳ አለ። ዙሪያው በድንጋይ ተከቧል፣ የተመታ መሬት ነው። አውድማ! የአገሬ የጋይንት አውድማ! ዓይኔ እንባ ሞላ። እኛ አውድማ በጫማ አንገባም፤ ገብተንም አንጮህም፣ በረከቱ እንዳይሸሽ በዝግታ ነው የምንናገር። ጫማዬን አወለቅሁ፣ መኻል ገባሁ፣ አማተብሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለእመቤታችን ነገርኋት።

«እመቤቴ» አልሁ፣ «በሶዬ አለቀ፤ ቂሜም አብሮ አለቀ። ያቺ ሴት ስለ እኔ ብላ ሁለት ጊዜ ጾመች፤ እኔ ግን ልጄን ላስመልስ ብዬ ከቤቷ እህል አልቀመስሁም። ልጅቱንም አልጠላኋትም። ልጄን ይዛብኝ እንዳትቀር ብቻ ነው የፈራሁት። ለአንቺ የተሳልሁት ነው። እንዳይቀሩብኝ።»

ከዚያ ከላይ፣ ከሰማዩ ሥር፣ የሴት ድምፅ መጣ።

«አንቀርም!»

ለአፍታ እመቤታችን መሰለችኝ። ተንበረከክሁ። አነጋገሯ ግን የባዕድ ነበር።

ቀና ስል ኤሌኒ ከሁሉ በላይ ካለው ደረጃ ቆማለች። ይትባረክ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ጎብኚዎቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። ለካ ያ ቦታ መኻሉ ላይ ክብሪት ቢጫር እስከ ላይ እንዲሰማ ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህን ደግሞ አስቀድሞ የነገረኝ የለም።

ካተሪና ይትባረክን እጅጌውን ይዛ «ተርጉም» አለችው። በዚያ ቀን አላሳጠረም፤ ሲነግራት ረጅም ጊዜ ወሰደ። ጭኗን በጥፊ መታ አድርጋ ሳቀች። ደረጃውን እየወረደች ትናገራለች፣ እሱ እየተከተለ ይተረጉማል፦ «ልጄን ስለማትፈልግ ነው? እግዚአብሔር ይመስገን! እኔ እኮ ምግቤን የጠላች መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር!»

ኤሌኒ ደርሳ ቆመች። ከይትባረክ የለመደችውን አማርኛ በሙሉ በአንድ ጊዜ አወጣችው። «እማማ፣ እሱ ትምህርት ይጨርሳል። ጋይንት እንመጣለን። እኔ ብርድ አልፈራም።»

«ጉናን አላየሽም» አልኋት። እጇን ግን ያዝሁ።

ማታ የካተሪናን በሶ በጠብጬ ጠጣሁ። ትንሽ አርሯል። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

በእኛ ፍልሰታ

ይትባረክ በስመ አብ ብሎ ጠቦቱን ባረከ። ካተሪና አበሰለች። እኔ በበርበሬዬ አንድ ወጥ ሠራሁ። ማንም ሳይቀምስ እኔን ጠበቁ። ቆርሼ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለካተሪና ሰጠኋት። አፏን እንዴት መክፈት እንዳለባት አላወቀችም፤ ግማሹ አገጯ ላይ ቀረ፤ ቀጥሎ በርበሬው ደረሰና እንባዋ ፈሰሰ። ጎረቤቶቿ ዳግመኛ ሰው የሞተባት መስሏቸው መጡ። እነሱንም አጎረስሁ።

ለዘመን መለወጫ አገሬ ገባሁ። ያለ ልጄ።

የነፍስ አባቴ «የት አለ?» አሉኝ። ሁሉን ነገርኋቸው። የልጅቱን ሃይማኖት ነገር ሲሰሙ ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። «እሷ ስትመጣ እኔ አስተምራታለሁ» አሉ።

ዓመት ዞረ። ይትባረክ ገና አልጨረሰም። ካተሪና ዘንድሮም በራሷም በእኛም ቀን ልትጾም ተሰናድታለች ብሎ ሰው ነግሮኛል። እኔም ሐምሌ ሳያልቅ ጾም ያዝሁ።

«ምነው ቀደምሽ? ፍልሰታ ገና ነው እኮ» አሉኝ የነፍስ አባቴ።

«ይህ የቆሮንቶሱ ነው፣ አባቴ።»

መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩኝ።

ግቢዬ ውስጥ አንድ ጠቦት ታስሯል። እነሱ ሲመጡ ነው የሚታረደው። አጥር ጋ ስደርስ ብድግ ብሎ ወደ ደብረ ታቦር መንገድ ያያል፤ ማንም እንዳልመጣ ሲያውቅ ተመልሶ በደስታ ይተኛል። እኔ ግን መንገዱን ማየት አልተውሁም፤ አንቀርም ብለውኛል።